በመኪና ቀለም ላይ የሚደርቁ ነፍሳትና ቀለሙን ሳይጎዱ የማስለቀቂያው ዘዴ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መኪና ወደ ማታ ደብረ ማርቆስ ሲገባ ፊቱን ልብ ብሎ ያየ ሰው ብዙ ነገር ይታዘባል። በኮፈኑ ጫፍ፣ በፊት መከላከያው፣ በመብራቶቹና በስፖኪዮው ጀርባ ላይ ንብ፣ ዝንብ፣ ትንኝ፣ ቢራቢሮና ፌንጣ ተጨፍልቀው ተለጥፈው ይገኛሉ። ገሚሱ ቢጫ፣ ገሚሱ ጥቁር፣ ገሚሱም ክንፉ ብቻ የቀረ ነው። አላፊ አግዳሚው ይህን ሲያይ ከቁም ነገር አይቈጥረውም፤ እኔም በበኩሌ ዋጋዬን እስካገኝ ድረስ ከቁም ነገር አልቈጠርሁትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ በብድር የገዟት አንዲት ሰማያዊ ሚኒባስ አለቻቸው። ዓምና ለእንቍጣጣሽ ሁለት ቀን ሲቀረው ከመንገድ ደክሟቸው ገቡና «ልጄ፣ ለበዓል ንጹሕ ሆና እንድትውል ነገ እጠባት» ብለው ተኙ። እኔም ማልጄ ተነሣሁ። ኮፈኑ ላይ የደረቁት ነፍሳት በውሃ ብቻ አልለቅ ቢሉኝ፣ እናቴ ድስት የምትፈትግበትን ሽቦና ከምድጃው ጥቂት አመድ ወስጄ በርትቼ ፈተግሁ። ነፍሳቱ በእርግጥ ለቀቁ። ቀለሙም አብሮ ለቀቀ። ፀሐይ ወጥታ ላሜራው ሲደርቅ ኮፈኑ በሙሉ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት አውጥቶ ታየ። አጎቴ አልተቈጡኝም፤ ዝም ብለው ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳሰሱና «ገና አሥራ አራት ወር ይቀረኛል» አሉ። የብድሩን ማለታቸው ነበር። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ሚኒባሷን አንድ አንጋፋ ቀለም ቀቢ ዘንድ ወሰድናት። እኚህ ሰው ኮፈኑን አዩና ወደ እኔ ዞረው፦

«አንተ ነህ የፈተግኸው?» አሉኝ።

«አዎን ጋሼ፤ አልለቅ ስላለኝ ነው።»

«አልለቅ ያለህ ስለ ቸኰልህ ነው። ድስትና መኪና አንድ መሰለህ? ውሃ አጠጥተህ ጥቂት ብትታገሠው ኖሮ ራሱ ይወርድልህ ነበር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩን መከታተል ያዝሁ። እኚህ ባለሙያ የነገሩኝን፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ መምህሮቻችንን ጠይቄ የተረዳሁትን፣ ከመጻሕፍትም ያገኘሁትን አሰባስቤ ከዚህ በታች አቀርባለሁ። በዕረፍት ቀን መኪና እያጠቡ የደብተርና የእስክሪፕቶ መግዣ የሚያገኙ ወንድሞች በትምህርት ቤታችን ስላሉ፣ ነገሩ ከሁሉ ይልቅ ለእነርሱ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ነፍሳቱ ከየት እንደሚመጡ እንመልከት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች፣ ሌሊቷም ብርዳም የሆነ የደጋ ከተማ ስለሆነች፣ የነፍሳቱ ብዛት እንደ ቆላው አይደለም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ እኛ የሚመጣው መንገድ ጎሐ ጽዮን ላይ ደጋውን ለቅቆ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን የኅዳሴ ድልድይ ተሻግሮም እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል። ይህ ቍልቍለትና ዐቀበት በጠቅላላው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ድልድዩ ያለበት ሥፍራ ከፍታው ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ አንድ መኪና በአንድ ጠዋት ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላም ወደ ደጋ ይመላለሳል፤ የሁለቱንም አየር ነፍሳት ያገኛል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ነፍሳት የሚበዙት በሸለቆው ውስጥ ስለሆነ የሚለጠፉትም እዚያው ይመስለናል። አጎቴ ግን እንዲህ አይደለም ይላሉ። በጠመዝማዛው ቍልቍለት መኪናው ተጠንቅቆ በዝግታ ስለሚሄድ፣ ትንንሾቹ ነፍሳት ከመኪናው ፊት በሚገፋው ነፋስ እየተገፉ ያልፋሉ። የሚለጠፉት ደጀን ከተወጣ በኋላ፣ በሉማሜ በኩል ባለው ሜዳማ መንገድ፣ ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ነው። ፊዚክስ የተማረ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ የግጭቱ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነውና። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና 80 ቢሄድ፣ ንቢቱን የሚመታበት ጉልበት ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በዝግታ ሲሄድ ተላትማ የምትወድቀው ንብ፣ በፍጥነት ሲሄድ ፈንድታ ትለጠፋለች።

ወራቱም ይለያያሉ። በመስከረምና በጥቅምት አደይ አበባው ሲፈነዳ፣ የኑጉ ማሳም ቢጫ ሲለብስ፣ የጎጃም ንብ ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ንብ ተጋጭታ ከመለጠፏ በቀር፣ በበረራዋ ላይ ሳለች የምትጥለው ቢጫ ጠብታም ቀለም ላይ ከደረቀ አስቸጋሪ ነው። ዝናብ በሚጀምርበት ሰሞን ደግሞ ክንፍ ያወጣው ምስጥ፣ አሸን የምንለው፣ ከምድር እየፈላ ማታ ማታ ወደ መብራት ይተማል፤ በዚያ ምሽት መንገድ ላይ ያለ መኪና መብራቱ ራሱ ጠላቱ ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱትም ሐይቁ አጠገብ ሲደርሱ የውሃ ትንኝ ይጠብቃቸዋል።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። የመኪና ቀለም አንድ ንጣፍ አይደለም። ከሁሉ በታች ብረቱ፣ ማለት ላሜራው አለ። በእርሱ ላይ ዝገት የሚከላከለው አንቲራስት ይቀባል። ከዚያ በላይ ለዓይን የሚታየው ቀለም፣ ከቀለሙም በላይ እንደ ብርጭቆ ብርሃን የሚያሳልፍ ቬርኒሽ ይረጫል። መኪናው የሚያበራው በዚህ ቬርኒሽ ምክንያት ነው። የእነዚህ ሁሉ ውፍረት ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ሲሆን፣ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ቬርኒሹ ብቻውን 40 ወይም 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። የራሳችን ፀጉር እንኳ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይወፍራል! እንግዲህ እኔ በሽቦ የፈተግሁት ከአንዲት ፀጉር የቀጠነ ነገር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት የተሠሩ መኪናዎች ግን ይህ ቬርኒሽ የላቸውም፤ ቀለሙ ራሱ የላይኛው ንጣፍ ነው። በአገራችን መንገድ ላይ እንዲህ ያሉ አሮጌ መኪናዎች ዛሬም ስለማይጠፉ መለየት ይገባል። መለያው ቀላል ነው፤ ከዓይን በተሰወረ ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ ታችኛ ጠርዝ፣ ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ይታሻል። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ቬርኒሽ የለውም፤ ነጭ እንደሆነ ከቀረ ግን አለው ማለት ነው።

የሞተ ነፍሳት ቀለምን የሚጎዳው እንዴት ነው? የነፍሳት ገላ ከውጭ ካይቲን በሚባል ጠንካራ ልባስ የተሸፈነ ሲሆን፣ ውስጡ ፕሮቲን፣ ቅባትና ልዩ ልዩ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ነው። ነፍሳቱ ሲፈነዳ ይህ ፈሳሽ በቀለሙ ላይ ይረጫል። የእንቁላል ነጩ ሳሕን ላይ ፈስሶ ሳይታጠብ ቢያድር ምን እንደሚሆን እናቶቻችን ያውቁታል፤ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የነፍሳቱም ፕሮቲን እንደዚሁ ነው። በሚደርቅበት ጊዜ እየተኰማተረ የያዘውን ቬርኒሽ ወደ ራሱ ይስባል። ገላው መበስበስ ሲጀምርም አሲድነቱ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ቬርኒሹን እየበላ ትንንሽ ጐድጓዳ ምልክት ያወጣል።

ለዚህ ትልቁ ረዳት ሙቀት ነው። ጥቁር ቀለም ያለው ኮፈን ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። በኬሚስትሪ ክፍል እንደተማርነው፣ ብዙ የኬሚካል ለውጦች ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ፍጥነታቸው እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ከዓባይ ወጥቶ ቀትር ላይ መናኸሪያ ፀሐይ ውስጥ የቆመ መኪና፣ ማታ ገብቶ ብርድ ላይ ካደረው ይልቅ ቶሎ ይጎዳል። የደጋ ሰዎች አየራችን ቀዝቃዛ ነው ብለን መዘናጋት ግን አይገባንም፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚበረታ፣ ቬርኒሻችን ከቆላው ይልቅ በጨረር ይዳከማል። ጤዛም አለ። የደረቀው ነፍሳት ሌሊት በጤዛ ርሶ ይለሰልሳል፣ አሲዱም ይቀሰቀሳል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ይደርቃል። ይህ እርጥበትና ድርቀት ለብዙ ቀን ሲፈራረቅ ከአንድ ቀን ፀሐይ የከፋ ጉዳት ያመጣል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ በፍሎሪዳና በአጎራባች አገሮች በዓመት ሁለት ጊዜ የሚፈላ ላቭበግ የሚባል ጥቁር ዝንብ አለ፤ ወንዱና ሴቷ ተያይዘው ስለሚበሩ በአንድ ግጭት ሁለቱም ይለጠፋሉ። የዚያ አገር የነፍሳት ምሁራን እንደ ጻፉት፣ የዚህ ዝንብ ገላ እንደ ሞተ ፒ ኤቹ 6.5 ያህል፣ ማለት ለገለልተኛው የቀረበ ሲሆን፣ መኪና ላይ አንድ ቀን ከቆየ ወደ 4.25 ሊወርድ ይችላል። በፒ ኤች መለኪያ አንድ ደረጃ መውረድ አሲድነቱ 10 እጥፍ መጨመሩን ስለሚያመለክት፣ በአንድ ቀን ውስጥ ከ150 እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ጉዳዩን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ዛሬ ማታ በእርጥብ ጨርቅ የሚነሣው ነገር ለነገ ማታ ሌላ ነገር ይሆናል።

የአውሮፕላን ሊቃውንትም ስለዚሁ ነገር ይጨነቃሉ። በክንፍ ጫፍ ላይ የተለጠፈ ነፍሳት በክንፉ ላይ የሚያልፈውን ለስላሳ የአየር ጅረት ስለሚያውከው ነዳጅ ያስጨምራል። ናሳ የተባለው የአሜሪካ የሕዋ ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ነፍሳት የማይጣበቅባቸውን አምስት ዓይነት ሽፋኖች በቦይንግ 757 አውሮፕላን ክንፍ ላይ ፈትኖ፣ ከሁሉ የተሻለው የነፍሳቱን ብዛት 40 በመቶ ያህል መቀነሱን አስታውቆ ነበር። በእኛም አገር የበረሃ አንበጣ በወረረበት በ2012 ዓ.ም.፣ በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ከአንበጣ መንጋ ጋር ተጋጨ። የፊት መስተዋቱ በአንበጣ ስለተሸፈነና መጥረጊያውም ሊያጠራው ስላልቻለ፣ ድሬዳዋ ማረፉን ትቶ አዲስ አበባ ሄዶ በሰላም አረፈ።

ወደ እጥበቱ እንመለስ። መኪናው ከመንገድ እንደገባ ወዲያው ውሃ አይደፋበትም፤ ጥላ ቦታ ቆሞ ኮፈኑ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል እስኪሆን ድረስ ይቀዘቅዛል። የጋለ ላሜራ ላይ ሳሙና ቢፈስ ወዲያው ደርቆ ሌላ እድፍ ይሆናልና። ከቀዘቀዘ በኋላ አስቀድሞ አቧራው ብዙ ውሃ እየፈሰሰበት ይወርዳል። ይህን መዝለል አይገባም፤ የመንገድ አቧራ ጥቃቅን ድንጋይ ስለሆነ በጨርቅ ስር ከገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

ከዚያም ዋናው ሥራ ይመጣል፤ ማርጠብ። አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ወይም ያለቀ ፎጣ ለብ ባለ ውሃ ይነከርና ሳይጨመቅ ነፍሳቱ በበዛበት ቦታ ላይ ይነጠፋል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ። ጨርቁ ሊደርቅ ሲል ውሃ ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ ውሃው ካይቲኑንና ፕሮቲኑን እያለሰለሰ ከቬርኒሹ ያላቅቀዋል። ባቄላ ሲነከር እንደሚያብጠው ሁሉ የደረቀውም ገላ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ቀጥሎ ጨርቁን ሳይጫኑ ቀስ አድርጎ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየሳቡ ማንሣት ነው። ብዙው አብሮት ይመጣል። የቀረ ካለ እንደገና ይነጠፋል፤ ሦስት ጊዜ ማንጠፍ አንድ ጊዜ ከመፈተግ ይሻላል። ጨርቁ በየጊዜው እየተገለበጠ በንጹሑ በኩል ይሠራበታል፤ የነፍሳት ክንፍና እግር የያዘ ጨርቅ ራሱ ይጭራልና። ሁለት ባልዲ ማዘጋጀት ጥሩ ነው፤ አንዱ ለሳሙናው ውሃ፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቂያ። በአንድ ባልዲ የሚያጥብ ሰው ያወረደውን አሸዋ መልሶ መኪናው ላይ ይጭነዋል።

ሳሙናን በተመለከተ፣ ከሁሉ የሚሻለው ለመኪና ተብሎ የተሠራው፣ ፒ ኤቹ ለ7 የቀረበ ሻምፑ ነው። እርሱ ካልተገኘ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በባልዲ ውሃ በጥብጦ አንዳንድ ጊዜ መጠቀም ይቻላል፤ በየሳምንቱ ከሆነ ግን ሰሙን ያጥበዋል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን አይሆንም። አልካሊነቱ ይበዛል፤ ያልሟሟውም ፍሬ ይጭራል። አመድም እንደዚሁ ሁለት ጥፋት አለበት፤ ፖታሲየም ካርቦኔት የተባለ አልካሊ ይዟል፣ ውስጡም ሻካራ ነው። የሸክላ ምጣድንና የብረት ድስትን ያነጻ ነገር ሁሉ ለቀለም ይሆናል ብሎ ማሰብ የእኔ ስሕተት ነበር፤ እናንተ አትድገሙት።

ከሾፌሮችና ከረዳቶች መካከል በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ የነከሩትን ጨርቅ የሚጠቀሙ አሉ። በእርግጥ ቶሎ ያስለቅቃል። ነገር ግን ቤንዚን ሰሙን ጠርጎ ይወስዳል፣ ቬርኒሽ የሌለውን አሮጌ ቀለምና በጋራዥ እንደ ነገሩ የተቀባውን ደግሞ ያላላዋል፤ የፕላስቲክ መብራቱንም ያደበዝዘዋል። በጋለ ሞተር አጠገብ ቤንዚን መያዝ የሚያስከትለውን አደጋ ለመናገር ቀለም ቀቢ መሆን አያስፈልግም። በጥፍር፣ በቢላዋ ወይም በደረቅ ጨርቅ መፋቅም የተከለከለ ነው። በጠዋት ጤዛ የለሰለሰውን ነፍሳት በደረቅ እጅ ጠራርጎ መሄድ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ሌሊቱን የሰፈረውን አቧራ አብሮ እያሸ መሆኑን አይገነዘብም። ጤዛው ጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ ነገር ግን ሥራው በውሃ መፈጸም አለበት።

ከታጠበ በኋላ ሳሙናው በንጹሕ ውሃ በደንብ ይለቀለቅና ወዲያው በለስላሳ ጨርቅ ይደርቃል። ጠብታው ፀሐይ ላይ እንዲደርቅ ከተተወ በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። በክረምት ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ማዕድኑ አነስተኛ ስለሆነ ለማለቅለቂያ ከምንጭና ከጕድጓድ ውሃ ይሻላል።

ነፍሳቱ ለቅቆ ምልክቱ ቢቀርስ? ጣት በቀስታ ይለፍበት። ጣት ምንም ካልተሰማውና ምልክቱ ለዓይን ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ ጥቅሉ ደቃቅ የሆነ ፖሊሽ በለስላሳ ጨርቅ በእጅ ሲታሽ ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን ፖሊሽ ማለት ቬርኒሹን ጥቂት ጥቂት እየፋቁ ማስተካከል ማለት ስለሆነ ወሰን አለው። 40 ማይክሮን ብቻ ካለው ነገር ላይ በየወሩ የሚፍቅ ሰው ሒሳቡ የት እንደሚያደርሰው ራሱ ይድረስበት። ጥፍር የሚይዝ ጕድጓድ ከሆነ ፖሊሽ አይጠቅመውም፤ ወደ ባለሙያ መሄድ ነው።

ቀለም ብቻ ሳይሆን ሌላም ሥፍራ አለ። ነፍሳት በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ሲሞሉ ነፋስ እንዳያልፍ ይከለክላሉ። ይህ በሜዳ ላይ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ከድልድዩ እስከ ደጀን ባለው ዐቀበት፣ ጭነት የያዘ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ሲወጣ ነው። ነፋሱ በቂ ካልሆነ ውሃው ይፈላል። ተሳፋሪ በዚያ ሙቀት መንገድ ዳር ወርዶ ሞተር እስኪበርድ ሲጠብቅ ያየ ሰው የነገሩን ክብደት ያውቃል። ራዲያተሩ የሚጸዳው ሞተሩ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ፣ ውሃው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው፤ ከፊት ለፊት ከተረጨ ነፍሳቱን ወደ ውስጥ ይገፋቸዋል። ክንፎቹ ስስ ስለሆኑ ኀይለኛ ውሃ ያጣምማቸዋል። የፊት መስተዋቱም ነፍሳት ደርቀውበት ሳለ በደረቁ ዝናብ መጥረጊያ ቢነዳበት ይዥጐረጐራል፤ በማታ ከፊት የሚመጣ መብራት ሲያርፍበት ሾፌሩ ምንም አያይም። መስተዋት ብርጭቆ ስለሆነ ከቀለም ይልቅ ይችላል፤ የፕላስቲክ መብራት ግን እንደ ቀለሙ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው።

አስቀድሞ መከላከልም ይቻላል፤ ይኸውም በሰም ነው። ሰም የተቀባ ቀለም ላይ ነፍሳቱ የሚጣበቀው በሰሙ ላይ እንጂ በቬርኒሹ ላይ ስላልሆነ በውሃ ቶሎ ይነሣል። አገራችን በአፍሪካ ከማር አምራቾች ቀዳሚ ሆና ሳለች፣ ጎጃምም የማር አገር ሆኖ ሳለ፣ «የራሳችንን ሰም ለምን አንቀባም?» ብዬ ለአንጋፋው ባለሙያ ጥያቄ አቅርቤ ነበር። ሳቁና «ለጧፍ ይሁን» አሉኝ። ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁት። የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ ጥቁር ኮፈን በቀትር እዚያ ሊደርስ እንደሚችል አይተናል። ከለሰለሰም አቧራ ይይዛል። ለመኪና የሚሸጠው ሰም ግን ብዙውን ጊዜ ካርናውባ የሚባል፣ ከብራዚል የዘንባባ ቅጠል የሚገኝ፣ ከ80 ዲግሪ በላይ ካልሆነ የማይቀልጥ ሰም አለበት። ሰሙ በታጠበና በደረቀ መኪና ላይ በስሱ ይቀባና ደብዘዝ ሲል በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል። ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከመስቀል በኋላ አንድ ጊዜ ቢቀባ ለእኛ አየር መልካም ነው። ብዙ መቀባት ጥቅም የለውም፤ ተርፎ የሚቀረው ለጨርቁ ነው።

ስለ ውሃው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። መኪናን ጨሞጋ ወንዝ ውስጥ አግብቶ ማጠብ ለአጣቢው ይቀለዋል፤ ከታች ከብቱን ለሚያጠጣው ሰው ግን ሳሙና፣ ዘይትና ናፍጣ ይደርሰዋል። አንዳንዱ «እንግዲያው በእንዶድ እንጠብ፤ እርሱ የአገር ሳሙና ነው» ይላል። እንዶድ በእርግጥ አረፋ አለው፤ ሸማ ሲያነጻ ኖሯል። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ የተገነዘቡት ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን ነበር፤ ቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ ለማጥፋትም ትልቅ ግኝት ሆነ። በበዛ ጊዜ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ በምንም ሳሙና ቢሆን ከወንዙ ርቆ፣ ውሃው ሣር ላይ በሚሰርግበት ቦታ በባልዲ ማጠብ ነው። ሦስት ባልዲ ውሃ ለአንድ ሚኒባስ ፊት ይተርፋል፤ እኔ ለክቼዋለሁ።

አሁን አጎቴ ማታ ሲገቡ እርጥቡን ፎጣ ኮፈኑ ላይ አንጥፌ ራታችንን እንበላለን። ራት ተበልቶ እጅ እስክንታጠብ ድረስ ነፍሳቱ ለስልሶ ይቈየኛል፤ በመብራት አነሣዋለሁ። የዓምናው ጭረት ገሚሱ በፖሊሽ ጠፍቷል። በሾፌሩ በኩል ያለው ግን ጠልቆ ስለነበረ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ዛሬም ይታያል። ብድሩ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ አጎቴም ኮፈኑን ያን ጊዜ አስቀባዋለሁ ብለዋል።